ሪያሉ በየትኛው ባንክ ይመንዘር?

ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ቀበሌዎች ብዙ ወጣት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዷል። የሚልከው ሐዋላ ቤት ይሠራበታል፤ ሱቅ ይከፈትበታል። ገንዘቡ በየትኛው ባንክ ይምጣ የሚለው ጥያቄ ግን ቀድሞ ያን ያህል አያነጋግርም ነበር፤ የባንኮቹ ዋጋ ተቀራራቢ ነበርና።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ነገሩ ተለወጠ። 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር መግዣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዕለቱ ከ74 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ በድረ ገጻቸው ይለጥፋሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነውና 3,000 ሪያል 800 ዶላር ይሆናል። በሁለት ባንኮች መካከል በዶላር የ2 ብር ልዩነት ቢኖር ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ 1,600 ብር ያጣል። በየወሩ ከተላከ በዓመት 19,200 ብር መሆኑ ነው።

በየጠዋቱ የባንኮቹን ገጽ ሁሉ መክፈት ደግሞ ሥራ ያስፈታል። ይህን የሚሠሩ መሣሪያዎች በነጻ ይገኛሉ። ሴሌኒየም እ.ኤ.አ. በ2004 ድረ ገጽ ለመፈተሻ ተጀመረ፤ የጉግል ፓፔቲር በ2017፣ የማይክሮሶፍት ፕሌይራይት በ2020 ተከተሉ። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈቃድ ክፍያም የለባቸውም። ሰው እንደሚያደርገው ብሮውዘር ከፍተው፣ ሰንጠረዡ እስኪሞላ ጠብቀው ቁጥሩን ይገለብጣሉ። መጠበቁ ዋናው ነገር ነው። አንዳንድ ገጽ መጀመሪያ ባዶ ሰንጠረዥ ያሳያል፤ ተራ መገልበጫ ባዶውን ይዞ ይመለሳል።

አደጋውም እዚያው አለ። ባንኩ የገጹን መልክ በቀየረ ማግስት ፕሮግራሙ መሸጫውን መግዣ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ስህተቱ የሚታወቀው ምናልባት ቤተሰቡ መስኮት ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከትናንቱ ዋጋ ብዙ የራቀ ቁጥር ሲመጣ ሰው ገጹን ከፍቶ ሳያይ መላክ የለበትም። ላኪው ድርጅት የሚቆርጠው ክፍያም በባንኩ ሰንጠረዥ ውስጥ አይታይም። የትይዩ ገበያው ዋጋም እንዲሁ፤ ደላላው ይህን አይስተውም።

ለሕዝብ የተለጠፈን ዋጋ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ በይለፍ ቃል የተዘጋ ሒሳብ ውስጥ መግባት ግን በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። በየሴኮንዱ እየከፈቱ የባንኩን ሰርቨር ማጨናነቅም አያስፈልግም፤ ለዚህ ሥራ በቀን አንዴ ሁለቴ ይበቃል።

ሌላው ችግር መስመሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኮምፒዩተሩን መርሳ ከማስቀመጥ ሪያድ ወይም ጅዳ ማስቀመጡ የተሻለ ይመስላል፤ ባንኩን የሚመርጠው ላኪው ነውና።