ደመወዝ የሚችለው የእንጨት መቅረጫ መኪና

በኮምፒዩተር እየታዘዘ፣ የሚሽከረከር ፑንታ ይዞ እንጨት የሚቀርጸው መኪና ሲ ኤን ሲ ራውተር ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቁጥር የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ መኪና ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ትእዛዝ ሰጪው ክፍል ብቻውን አምስት ትልልቅ ቁም ሣጥን ሞልቶ ነበር። ዛሬ ያን ሥራ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሰሌዳ ይፈጽመዋል፤ በብዙዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ውስጥ የሚሠራው ግርብል የተባለው ፕሮግራምም በነጻ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከቢሮ መልስ የስም ሰሌዳና የሥዕል ክፈፍ እየቀረጸ ደመወዙን ለመደጎም የሚያስብ ወጣት ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የወራት ቁጠባ በአንድ ቀን የሚወጣበት ጉዳይ ነውና፣ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል።

ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የገበታውን ስፋት ነው። መጠየቅ የሚገባው ግን የመኪናውን ጥንካሬ ነው። ፑንታው እንጨቱን ሲገፋ እንጨቱም ፑንታውን መልሶ ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን የተሸከመው አግዳሚ የጎበጠ እንደሆነ ፑንታው ይንቀጠቀጣል፤ ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ የፊደሉም ጠርዝ ይቦጫጨቃል። ውፍረቱ ሳይለወጥ የአግዳሚው ርዝመት እጥፍ ቢሆን ደግሞ፣ መጉበጡ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው። እንግዲህ በአንድ ዋጋ ከቀረቡት ሁለት መኪናዎች ሰፊው ብዙውን ጊዜ ደካማው ነው።

ከርካሾቹ መካከል የታወቀው 3018 የሚባለው ነው፤ ስሙ ከገበታው ልክ፣ ከ30 በ18 ሳንቲ ሜትር የመጣ ነው። ለመማሪያ መልካም ነው። ሆኖም ሞተሩ ትንሽ፣ አካሉም ቀላል ስለሆነ፣ እንደ ወይራ ያለውን ጠንካራ እንጨት በአንድ ዙር ጠልቆ እንዲቆርጥለት የሚቸኩል ሰው ፑንታ ሲሰብር ይውላል። ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር እያሉ መሄድ ነው።

ገንዘብ የተጨመረበት እንደሆነ፣ በቺንጋ ከሚጎተተው ይልቅ በጥርስ ባለው የብረት ዘንግ የሚነዳውን፣ በፕላስቲክ ጎማ ከሚንከባለለው ይልቅ በብረት ሐዲድ ላይ የሚሄደውን መምረጥ ይሻላል። ሙከራውም ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ሳለ፣ የሞተሩን ማቀፊያ በእጅ ይዘው ጠምዘዝ ያድርጉት። የተወዛወዘ እንደሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢል ይተዉት።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኔ እልክልሃለሁ» ያለ እንደሆነ፣ በዚያ አገር የሚሸጠው ሞተር በ120 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ የእኛው 220 መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው። የመብራት መጥፋትም ሌላ ጣጣ አለው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ መኪናው የት እንደ ደረሰ ይረሳል። መነሻውን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝበት ማብሪያ ካለው ሥራውን ካቆመበት መቀጠል ይቻላል፤ ከሌለው ግን ግማሹ የተቀረጸ ዋንዛ ማገዶ ሊሆን ነው።

ገንዘቡንም ሁሉ በመኪናው ላይ መጨረስ አይገባም። ፑንታ ያልቃል፣ ይሰበራል። የእንጨት ብናኝ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች የተቆጠረ ስለሆነ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ያስፈልጋል። ድምፁ ደግሞ ከልብስ ስፌት መኪና እጅግ ይበልጣል፤ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ከሻጩ በፊት አከራዩን ቢያነጋግር ይሻለዋል።