ቅጠሉን ገልብጡት

ጓሮው ጎመን ያለው ሰው ሁሉ ያያታል፤ ስሟን ጠይቆ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቀጭን አረንጓዴ ትል ናት፤ አድጋም ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ አትበልጥም። በጣት ሲነኳት እንደ አባ ጨጓሬ ተጠቅልላ አትተኛም፤ እየተወራጨች ወደ ኋላ ታፈገፍግና ከቅጠሉ ጠርዝ በቀጭን ድር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። ነገሩ ሲረጋጋ በዚያው ድር ተመልሳ ትወጣለች። ከሌሎቹ የጎመን ትሎች የምትለየው በዚህ ጠባይዋ ነው።

እናቷ ግራጫ የእሳት ራት ናት። ክንፏን ስታጥፍ ጀርባዋ ላይ ሦስት ነጣ ያሉ የአልማዝ ቅርጾች ይደረደራሉ። የሳይንስ ስሟ ፕሉቴላ ዛይሎስቴላ ነው። እንቁላሏን አንድ አንድ ወይም ጥቂት ጥቂት አድርጋ ቅጠሉ ላይ፣ ጅማቱ አጠገብ ትጥላለች። የተፈለፈለችው ትል መጀመሪያ ቅጠሉን ከውስጥ ትቦረቡራለች፤ ከዚያ ወጥታ ከሥር ትግጠውና የላይኛውን ስስ ቆዳ ትተወዋለች። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ብታነሱት ብርሃን የሚያስገቡ ትንንሽ መስኮቶች ታያላችሁ። ቆዳው ደርቆ ሲቀደድ ነው «ጎመኔን ወንፊት አደረገችው» የሚባለው። ያኔ እሷ ምናልባት ስስ መረብ የመሰለ ድር አድርታ ውስጡ ተኝታለች። በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ እሳት ራት ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃታል፤ ደጋ ላይ ይዘገያል።

ለምን ጎመንን መረጠች? ሰናፍጭ ቀምሶ አፍንጫው የተቃጠለ፣ ወይም በጎመን ዘር ምጣድ ያሰሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ያ የሚሰነፍጥ ጠረን የጎመን ወገኖች ጋሻ ነው። ቅጠሉ ሲታኘክ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ይገናኙና የሚያቃጥል ዘይት ይወጣል፤ ብዙ ነፍሳት ይሸሹታል። የእኛዋ ትል ግን ዘይቱ ከመፈጠሩ በፊት የሚያከሽፍ ኢንዛይም አላት። እናቷ ደግሞ ጎመኑን የምታገኘው ያንኑ ጠረን ተከትላ ነው። የሐበሻ ጎመኑና ጥቅል ጎመኑ ሲያልቅ ከጎኑ ያለውን ቆስጣ የማትነካው ለዚህ ነው።

በመድኃኒት በኩልም ታሪኳ የሚያኮራ ነው፤ ለእሷ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሟ ተዘገበ፤ ከሰብል ተባዮች ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። በ1990 ደግሞ ከባክቴሪያ የሚሠራውን ቢቲን ጭምር ሃዋይ ላይ መልመዷ ታወቀ። እኔም አንድ በጋ፣ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የተሸጠልኝን ስም የለሽ መድኃኒት ረጭቼ አውቃለሁ። ትሎቹ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ ሸረሪቶቹ ግን አልተመለሱም። ጎመኑንም መብላት ፈርቼ ቆሜ ሳየው ከረምኩ።

ለሃያ ሠላሳ እግር ጎመን እጅ ይበቃል። በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን እየገለበጡ ትሉንም እንቁላሉንም መጨፍለቅ፣ የለቀሙትን ለዶሮ መስጠት ነው። ክረምት ላይ ዶፉ ትንንሾቹን ስለሚያጥብ፣ በበጋ ወንፊት ባለው ማጠጫ ከላይ ማጠጣት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ማለዳ ይሁን፣ ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ በሽታ ይጠራል። ችግኝ ላይ ስስ መረብ መወጠርም ይረዳል።

አንድ ነገር ሳትጨፈልቁ ተዉልኝ። አንዳንዴ ስሱ መረብ ውስጥ ከትሏ ይልቅ ጠንከር ያለ፣ በርሜል መሳይ ቡናማ ነገር ይገኛል። ይህ የጥገኛ ተርብ ቤት ነው። ዲያዴግማ የምትባል ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ትሏ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ የተርቧ ልጅ ትሏን ከውስጥ በልታ ጨርሳ ቤቷን እዚያው ትሠራለች። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ አንዱን ዝርያዋን ከታይዋን አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የኬንያ ጎመን ማሳዎች ላይ ለቋል። በርሜሉን ከነቅጠሉ እዚያው ተዉት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ስታዩት ጫፉ ተበስቶ ባዶውን ታገኙታላችሁ።