በዛብህን ማን ገደለው?

ጠጋ በሉ፤ ጮክ ብዬ የምናገረው አይደለም። ዳላስ ሰፊ ናት፣ ሐበሻው ግን ይተዋወቃል። አውራ ጎዳናው 635 ላይ መኪና ይቆማል እንጂ ወሬ አይቆምም።

በአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን መጽሐፍ እናነሳለን። መወያያውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ተራው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሆን ምን እንደሚከተል አስቀድሜ አውቀዋለሁ። አቦል ሲቀዳ ሁሉም ስለ ፍቅር ያወራል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያለቀሰ ሰው አይጠፋም። ቶና ሲደርስ ዝም ብዬ አንዲት ጥያቄ ጣል አደርጋለሁ፤ «ለመሆኑ በዛብህን ማን ገደለው?» ከዚያ በኋላ ቡናው ቢቀዘቅዝ ማን ያየዋል!

የዋሁ ሰው «ሽፍቶች» ይላል። መንገድ ላይ የጣሉትስ እነሱ ናቸው። ግን ሽፍቶቹ ያገኙት ሌሎች አስቀድመው ከአገሩ ያሳደዱትን ሰው ነው።

አሳዳጆቹ እነማን ናቸው አትሉም? እዚህ ላይ ነው ምስጢሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ዋና ክፉ ሰው ፈልጋችሁ ትደክማላችሁ። ሰዎቹን የሚጥላቸው አገር የሚያመሰግንላቸው ጠባይ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን ተመልከቱ። ክብራቸውን ጠባቂ፣ ዘራቸውን ቆጣሪ። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ሲያማርጡ የልጅቷ ዕድሜ እየነጎደ ሄደ። ባላገሩ አንገብርም ሲል በጉልበት ሊያስገብሩ ወጡ፤ የገዛ ባላገራቸው ማረካቸው! በጊዜው ሚዛን ግን እንከን የሌላቸው ጌታ ናቸው።

ቦጋለ መብራቱና ሚስቱ ውድነሽስ? ልጃቸው በዛብህ ከሞት እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። አንጀት የሚበላ የወላጅ ፍቅር ነው። ብቻ ስእለቱን የሚከፍለው ልጁ ነው፤ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።

በዛብህም ቢሆን ጨዋ፣ ጭምት፣ ቅኔ አዋቂ ነው። ሰብለን ሊያስተምር ገብቶ አፈቀራት። ነገሩ ሲከር ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ እሷ ቀረች። በኋላ እሱን ፍለጋ ብቻዋን መንገድ የገባችው እሷ ናት። የወደድንለት ጭምትነት ጭንቅ ሲመጣ እግር አውጥቶ ሄደ።

ሐዲስ ይህን ከሩቅ ሆነው አልገመቱትም። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ጎጃሜ ናቸው፤ ኋላም ዲፕሎማት ሆነው ዋሽንግተን ኖረዋል። ከውስጥም ከውጭም ያዩትን አገር ነው የጻፉት። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ጭነው አልተገላገሉም።

አሁን ወደ ጓዳው ልውሰዳችሁ። በውይይታችን ላይ ወንዱም ሴቱም የልብ ወለዱን ጉዱ ካሳን እመስላለሁ ባይ ነው። እውነቱን የሚያይ፣ ሰው እብድ የሚለው፣ ብቻውን ትክክል የሆነ! «እኔስ ፊታውራሪን እመስላለሁ» ያለ እስካሁን አልገጠመኝም።

በረካ ላይ ጨዋታው ወደ ልጆች ይዞራል። እኔ ይህን ነው የምጠብቀው። ቅድም ፊታውራሪን ሲረግሙ የነበሩ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ልጃቸው ለትዳር ያመጣችው ልጅ ጥሩ ነው ይላሉ። ኢንጂነር ነው፣ ፕላኖ ላይ ቤት ገዝቷል፣ ሰው ያከብራል። «ግን...» ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «የማን ልጅ ነው?»

ሴቶቹ እርስ በርሳችን እንተያያለን። ማንም አይስቅም።

እናንተም መጽሐፉን ስትደግሙት የምትወዱትን ትታችሁ የምትመስሉትን ፈልጉ። ስታገኙት ለእኔ ብቻ ሹክ በሉኝ። ጉዱ ካሳ ነኝ ካላችሁ ግን አላምናችሁም።