«እማዬ፣ ይህ ወታደር ማን ነው?»

ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ከአያት ሣጥን ሥር አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ተገኘ። ጥያቄውን ያነሣው የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደረው እናቱ መልስ አጣች። አጎቷ «ፖሊስ ነው» አሉ። አሮጊቷ አያቷ ግን «ተይው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለው ዝም አሉ።

ይህን የመሰለ ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ይገኛል። የሚያውቁት አረጋውያን ሳያልፉ መጠየቅ ደግሞ የእኛ የልጆቻቸው ፈንታ ነው። ለመሆኑ ምን እንመልከት?

በመጀመሪያ በልብሱ ብቻ አንፍረድ። ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካ ለሠራዊታችን ወታደራዊ እርዳታ ትሰጥ ስለ ነበር፣ የአሜሪካ ስሪት ልብስ የለበሰ ሁሉ ኮሪያ ዘምቷል ማለት አይደለም። ከልብሱ ይልቅ የትከሻው ምልክት ይናገራል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የተጓዘው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃና ተተኪዎቹ የተሰለፉት ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። የክፍለ ጦሩ ምልክት በቀይ ክብ ውስጥ ያለ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀዩም ጥቁሩም ሊጠቁሩ ስለሚችሉ፣ በመስኮት ብርሃን በአጉሊ መነጽር ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችን መፈለግ ይበጃል።

ቀጥሎ ደረቱን እንይ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ጥብጣብ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር አለው። ሜዳሊያው በአማርኛ ጽሕፈት የተሠራም አለ። በመጨረሻም ጀርባውን መገልበጥ አይረሳ፤ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም ቀን ሊገኝበት ይችላል። ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀውን ግን በግድ አንላቅቀው፤ ምስሉ ተልጦ ይቀራል።

ያቺ እናት ከትከሻው ላይ የአሸዋ ሰዓቱን አገኘች። ለአያቷ ስታሳያቸው አሮጊቷ አለቀሱ፤ ከመሐረብ ፈትተውም ሜዳሊያውን አወጡ። ባለቤታቸው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ፣ አያት ከፍርሃት የተነሣ ፎቶግራፉን ደበቁት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም ኮሪያ መዝመት የሚያስመሰግን ስላልነበረ ሣጥኑ እንደ ተዘጋ ቀረ።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ የአረጋውያኑ ዝምታ መርሳት ላይሆን ይችላል። እንደ መርማሪ ሳይሆን ቡና እየተጠጣ፣ ፎቶግራፉን በእጃቸው ሰጥተን እንጠይቃቸው። የነገሩንን ስምና ዘመን በጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ እንጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል።

ልጁ ዛሬ የቅድመ አያቱን ስም ያውቃል። ፎቶግራፉም ከሣጥን ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።