«ተፈጥሯል» ሌላ፣ «ተገናኝቷል» ሌላ

በዓለም ላይ የሌለ ሰርቨር ስም ለአንድ ትልቅ ስቶሬጅ «መዝግብልኝ» ብላችሁ ብትሰጡት ይመዘግብላችኋል። ቀልዴን አይደለም። ከልባችሁ የፈጠራችሁትን ባለ 16 አኃዝ ቁጥር በኮማንድ ላይን ጻፉና ኢንተርን ምቱ፤ ስቶሬጁ ሳያመነታ «ሆስት ኮኔክሽን 0000 በተሳካ ሁኔታ ተፈጥሯል» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቁ ግን ዲስክ የሚባል ነገር የትም አይታይም። መልሱ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ የጠየቃችሁት «መዝግብ» ብላችሁ ነው፣ መዘገበ። መገናኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰርቨርን ከስቶሬጅ የማገናኘት ሥራ ጣዕሙም ጣጣውም ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

የማወራላችሁ ስለ አይቢኤም ዲኤስ8000 ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታደሰ የመጣ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ በትልልቅ ባንኮች የዳታ ማዕከል የሚገኝ የስቶሬጅ ቤተሰብ ነው። በአይጥ እየጠቆሙ የሚያዙበት ገጽ አለው፤ እኔ ግን ዲኤስ ሲኤልአይ በተባለው የትእዛዝ ቋንቋው መሥራት እመርጣለሁ። በጽሑፍ የሰጣችሁትን ትእዛዝ ባልደረባ ከመሠራቱ በፊት ሊያነበው ይችላል፣ ለሚቀጥለው ሰርቨርም ቁጥሩን ብቻ ለውጣችሁ ትደግሙታላችሁ። ቋንቋውም ቀላል ነው። የአብዛኛው ትእዛዝ መጀመሪያ ሁለት ፊደላት ሥራውን ይናገራሉ፦ «ኤምኬ» ይፈጥራል፣ «ኤልኤስ» ይዘረዝራል፣ «ሲኤች» ይለውጣል፣ «አርኤም» ያጠፋል። ቀጥሎ የነገሩ ስም ይመጣል። እዚህ በእኛ ፊደል ከፋፍዬ የምጽፋቸውን ትእዛዞች በኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል አያይዛችሁ ነው የምትመቷቸው።

ከሽቦው እንጀምር፤ ሽቦ እንኳ አይደለም፣ በቀጭን መስታወት ውስጥ የሚሮጥ ብርሃን ነው። ሰርቨሩ ላይ ኤችቢኤ የሚባል ካርድ ይሰካል፤ ካርዱ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ፖርት አለው። በመስመሩ ላይ የሚነገረው ቋንቋ ፋይበር ቻናል ይባላል፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። እዚህ ሠፈር ማንም ሰው በአይፒ አድራሻ አይጠራም። እያንዳንዱ ፖርት ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ባለ 64 ቢት ስም አለው፤ ሲጻፍ 16 ሄክሳዴሲማል አኃዝ ይሆናል፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 ያሉት ሲያልቁ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት ይጨመራሉ። ሙሉ መጠሪያው ወርልድ ዋይድ ፖርት ኔም ነው፤ እኛ የፖርት ስም እንበለው።

ይህን ስም ብዙ ሰው እንደ ዝብርቅርቅ ቁጥር ያየዋል። እኔ ግን ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ሳየው ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው አኃዝ ቀሪው እንዴት እንደተደረደረ ይናገራል። በ5 ከጀመረ ተከታዮቹ ስድስት አኃዞች አይትሪፕልኢ የተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት ለአምራቹ የሰጠው መለያ ናቸው፤ ስለዚህ 5005076 ብሎ የሚጀምር ስም ስታዩ 005076 የአይቢኤም መለያ መሆኑን ታውቃላችሁ። 10000000ሲ9 ብሎ ከጀመረ የኢሙሌክስ ካርድ ነው፤ 210000ኢ08ቢ ካለ ደግሞ ኪውሎጂክ። ጥቅሙ ለመደነቅ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «የሊኑክስ ሰርቨሬ የፖርት ስም ይኸውላችሁ» ብሎ በ5005076 የሚጀምር ቁጥር ቢልክላችሁ የስቶሬጁን የራሱን ፖርት ገልብጦ እንዳይሆን ትጠረጥራላችሁ፤ ገና አንድ ትእዛዝ ሳትሰጡ አንድ ሰዓት ተረፋችሁ ማለት ነው።

ስሙን በሊኑክስ የምታገኙት ሲስ በሚባለው ማውጫ ሥር፣ ኤፍሲ ሆስት ከሚለው ክፍል ውስጥ፣ «ፖርት ኔም» በተባለው ፋይል ነው። በአይቢኤሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኤአይኤክስ ላይ «ኤልኤስሲኤፍጂ» የሚባለው ትእዛዝ ስለ ካርዱ ሲዘረዝር ኔትወርክ አድራሻ ከሚለው ጎን ያወጣዋል። ከየትም አምጡት፣ ግን ገልብጣችሁ ለጥፉት፤ በጣት አትጻፉት። 8 እና ቢ በደከመ ዓይን መንታ ናቸው።

አሁን ወደ ስቶሬጁ። «ኤልኤስ አይኦ ፖርት» ስትሉት የራሱን ፖርቶች ይዘረዝራል፤ ስማቸው አይ0000፣ አይ0130፣ አይ0231 እያለ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ፦ ፖርቱ ያለበት ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ካርድ፣ በካርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ። አይ0130 ማለት ሣጥን 1፣ ካርድ 3፣ ቀዳዳ 0 ነው፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ዕውቀት አንድ ትልቅ ስህተት ያስቀራል። ለአንድ ሰርቨር አይ0130ን እና አይ0131ን ብትመድቡለት በወረቀት ላይ ሁለት መንገድ ሰጣችሁት፤ በእውነቱ ግን ሁለቱም ያው አንድ ካርድ ላይ ናቸው፣ ካርዱ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። አይ0030ን እና አይ0130ን ብትሰጡት ሣጥናቸውም ይለያያል።

ፖርቱ የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገርም መወሰን አለበት። ዲኤስ8000 ከሜይንፍሬም ጋር በፊኮን፣ ከሊኑክስ፣ ከዊንዶውስና ከኤአይኤክስ ጋር በስካዚ ኤፍሲፒ ያወራል፤ አንድ ፖርት በአንድ ጊዜ ሁለቱን አይናገርም። «ሴት አይኦ ፖርት» የሚለው ትእዛዝ በ«ሰረዝ ቶፖ» ምርጫ ይወስነዋል። እዚህ «ኤምኬ» የለም፤ ፖርት ብረት ስለሆነ በትእዛዝ አይፈጠርም። ብቻ ሥራ ላይ ያለን ፖርት ቋንቋ አትቀይሩ፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ይቆረጣል።

ቀጥሎ ሰርቨሩ እንደ ዲስክ የሚያያቸውን የስቶሬጁን ክፍሎች፣ ቮልዩሞችን፣ በአንድ ስብስብ ታስገባላችሁ፦ «ኤምኬ ቮል ግሩፕ»፣ ከዚያ የስብስቡ ዓይነት፣ ከዚያ የቮልዩሞቹ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1000-1003 እና 1100-1103። ለምን ከሁለት ቦታ? ዲኤስ8000 በውስጡ ሁለት ሰርቨሮች አሉት፤ መጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ተጋማሽ የሆኑ ቮልዩሞች፣ ለምሳሌ በ10 የሚጀምሩት፣ በሰርቨር 0 ይተዳደራሉ፣ እንደ 11 ያሉት ጎዶሎዎች በሰርቨር 1። ከሁለቱም ካልወሰዳችሁ ግማሹ ማሽን ቆሞ ግማሹ ይሠራል።

የስብስቡ ዓይነት የሚባለው ነገር ለብዙ ጀማሪ የማይገባ ጨለማ ነው፤ በውስጡ ግን የሚያምር ነገር አለ። «ስካዚ ማፕ 256» በሚባለው ዓይነት ቮልዩሞቹ ከ0 እስከ 255 ባለው ሉን፣ ማለትም ሰርቨሩ በሚያያቸው ቁጥር፣ ይደረደራሉ። «ስካዚ ማስክ» በሚባለው ግን ሉኑ ራሱ ከቮልዩሙ ቁጥር ይወለዳል። ቮልዩም 1203 ለኤአይኤክስ ማሽን ሲታይ ሉኑ 4012400300000000 ነው። ቁጥሩን ለሁለት ሰንጥቃችሁ በየፊቱ 40 አስቀምጡና ጅራቱን በዜሮ ሙሉት፣ አለቀ። ሌሊት የሰርቨሩ ባለቤት ደውሎ «ይህ ዲስክ አስቸገረኝ» ብሎ ሉኑን ቢያነብላችሁ ምንም ሳትከፍቱ የትኛው ቮልዩም እንደሆነ ትነግሩታላችሁ።

የትኛው ሰርቨር የትኛውን ዓይነት እንደሚፈልግ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ «ኤልኤስ ሆስት ታይፕ» ሠንጠረዡን ያወጣል። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የብሎክ መጠን የሚል ዓምድ አለ፤ ከላይ እስከ ታች 512፣ 512 ሲል ይመጣና አይሲሪስ ላይ 520 ይላል። የድሮው ኤኤስ400 ወራሽ የሆነው ይህ ማሽን በእያንዳንዱ 512 ባይት ዳታ ላይ 8 ባይት የራሱን ማስታወሻ ይጨምራል፤ ዛሬም ድረስ አልተወውም።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ትእዛዝ የሚመጣው፦ «ኤምኬ ሆስት ኮኔክት»፣ የሰርቨሩ ፖርት ስም፣ የሰርቨሩ ዓይነት፣ የስብስቡ ቁጥር፣ ለምሳሌ ቪ11፣ መጨረሻ ላይ የምታወጡለት መጠሪያ። ሰርቨሩ ሁለት ፖርት ካለው ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ በሁለቱም ላይ ያው ቪ11 ይጻፋል። ስቶሬጁ ሲኤምዩሲ00012አይ በሚል ኮድ ጀምሮ ያንን የተለመደ «በተሳካ ሁኔታ ተፈጥሯል» ይላል። የኮዱ መጨረሻ «አይ» ከሆነ መረጃ ነው፣ «ኢ» ከሆነ ስህተት። ስቶሬጁ እዚህ የያዘው የዕድር መዝገብ ነው፤ ስማችሁ ካልሰፈረ ድንኳን አይወጣላችሁም፣ መስፈሩ ግን እናንተ ሠፈሩ ውስጥ መኖራችሁን አያረጋግጥም።

የአይቢኤም ሌላው ስቶሬጅ፣ ሳን ቮልዩም ኮንትሮለር፣ በዚህ ጉዳይ ጠባዩ ይለያል። «ኤምኬ ሆስት» ብላችሁ የማያየውን የፖርት ስም ስትሰጡት አልቀበልም ይላል፤ እናንተ «ሰረዝ ፎርስ» ብላችሁ ካላስገደዳችሁት በቀር። ከሁለቱ እኔ ይህን ተከራካሪውን እወደዋለሁ፤ ዲኤስ8000ን ተለማምጄ ነው የኖርኩት።

መገናኘቱን የሚያሳየው ትእዛዝ «ኤልኤስ ሆስት ኮኔክት ሰረዝ ሎግኢን» ነው። የፖርት ስም፣ የገባበት የስቶሬጅ ፖርት፣ እናንተ ያወጣችሁለት መጠሪያ በአንድ ረድፍ ይወጣል። ሰርቨሩ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ካለ ብርሃኑ አልፏል፣ በሰርቨሩና በስቶሬጁ መካከል ያለው ስዊች አሳልፎታል፣ ስቶሬጁም አውቆታል። እንዲያውም «ሎግኢን» በሚለው ቦታ «አንኖውን» ብትሉ በር ላይ የቆሙ፣ ግን በመዝገብ ያልሰፈሩ ፖርቶችን ያሳያችኋል። ስለዚህ እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እሠራለሁ፦ መጀመሪያ ኬብሉ ይሰካ፣ ስዊቹ ይፍቀድ፣ ከዚያ «አንኖውን» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ስሙን ገልብጬ እመዘግባለሁ። ስቶሬጁ ራሱ ያየውን ስም ስለምሰጠው የሌለ ሰርቨር የምመዘግብበት መንገድ አይኖርም።

አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። በአይቢኤም ፓወር ማሽኖች ላይ የሚፈጠር ቨርቹዋል የፋይበር ካርድ በሲ05076 የሚጀምሩ ሁለት የፖርት ስሞች ይሰጡታል፤ በሎግኢን ዝርዝር የሚታየው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ እየሠራ ወደ ሌላ ብረት በሚዛወርበት ሰዓት የሚነቃ ነው። «አይታይም፣ ትርፍ ነው» ብላችሁ ከመዝገብ ከሰረዛችሁት ዛሬ ማንም አይጮኽም፤ የዝውውሩ ቀን ግን ነገር ይመጣል።

ስዊቹን በአጭሩ ላንሳው። በስዊቹ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚተያይ የሚወስነው ዞኒንግ ነው፤ በአንድ ዞን ውስጥ አንድ የሰርቨር ፖርት ብቻ ማስገባት ከብዙ ራስ ምታት ያድናል። ብሮኬድ ስዊች ላይ «ዞን ክሪኤት» ዞኑን ይፈጥራል፣ «ሲኤፍጂ አድ» ወደ ውቅሩ ያስገባዋል፣ «ሲኤፍጂ ሴቭ» ያስቀምጠዋል። ያው በሽታ እዚህም አለ፦ ተቀምጧል ማለት ሥራ ጀምሯል ማለት አይደለም። «ሲኤፍጂ ኢኔብል» እስካልተባለ ድረስ አዲሱ ዞን የተቀመጠ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሁሉም ሲገጥም ሰርቨሩ ላይ የሚታየው ነገር ያስደነግጣል። አንድ ቮልዩም ሰጥታችሁት አራት ዲስክ ያሳያል፤ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ። ሁለት ስዊች አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የሰርቨር ፖርት ሁለት የስቶሬጅ ፖርቶችን ያያል፤ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። ዲስኩ አንድ ነው፣ መንገዱ አራት። ሊኑክስ ላይ «መልቲፓዝ» የሚባለው ፕሮግራም አራቱን አንድ ስም ይሰጣቸዋል፤ እናንተም በዚያ ስም እንጂ በኤስዲኤ አትሥሩ። አራት የጠበቃችሁት ሁለት ሆኖ ከመጣ ዲስኩ ስለሚሠራ ማንም ሳይነግራችሁ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሰርቨሩ አንዱን ኬብል ነቅላችሁ ሞክሩት፤ ሁለት መንገድ ጠፍቶ ወደ ዲስኩ የሚጻፈው ካልተቋረጠ ልክ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አንድን ስብስብ ሳታውቁ ለሁለት የማይተዋወቁ ሰርቨሮች መስጠት አለ። ስቶሬጁ አይቃወምም፤ ክላስተር የሚባሉት፣ አንድ ዲስክ ተስማምተው የሚጋሩ ሰርቨሮች፣ ይህንኑ ይፈልጋሉና። ሁለቱ ሰርቨሮች ግን እያንዳንዳቸው ዲስኩ የእኔ ብቻ ነው ብለው ይጽፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ፋይል ያፈርሳል፣ የሚታወቀውም ከረፈደ ነው። ለዚህ ነው «ኤምኬ ሆስት ኮኔክት» ከማለቴ በፊት ቪ11ን አስቀድሞ የያዘ ሰው እንዳለ በ«ኤልኤስ ሆስት ኮኔክት» የማየው።

ካርድ የተበላሸ ዕለትም ይኸው ሥራ ነው። አዲሱ ካርድ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል፤ ዞኑ ውስጥ ይገባል፣ «አንኖውን» ላይ ሲታይ ከዚያው ከቪ11 ጋር ይመዘገባል፤ ቮልዩሞቹን ማንም አይነካቸውም። የአሮጌው ስም በሎግኢን ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን አይታችሁ በ«አርኤም ሆስት ኮኔክት» ሰርዙት፣ ከዞኑም አውጡት፤ ካርዱን ሌላ ሰው አንስቶ ሌላ ሰርቨር ላይ ቢሰካው ያ ሰርቨር የእናንተን ዲስክ ሊያገኝ ይችላል።