መንገዱ ሲቆረጥ ዳታው በየት ይዞራል?

ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን ሞቷል። ኤርፕሌን ሞድ ታበራላችሁ፣ ታጠፋላችሁ፤ ስልኩን ዘግታችሁ ትከፍታላችሁ፤ ወይ ፍንክች! ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ታወሩ በሕይወት አለ፤ ከታወሩ ኋላ ያለው የፋይበር መስመር ግን አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል።

ይህን ለጓደኞቼ ሳስረዳ ሁሌም ምሳሌዬ ሰቆጣ ናት። የዋግ ኽምራ መዲና ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተራራና በገደል መሃል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሰቆጣ ወልድያ ለመድረስ በኮረምና በአላማጣ መውረድ ይቻላል፤ በላሊበላ መዞርም ይቻላል። አንዱ ሲዘጋ ነባር ሹፌር ካርታ እስኪሣልለት አይጠብቅም፤ መሪውን አዙሮ ይሄዳል። ራውተርስ?

ኦስፒኤፍ በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ ራውተር የራሱን መስመሮች ሁኔታ ለሌሎቹ ያሳውቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይይዙና፣ ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ስሌት አጭሩን መንገድ ያወጣሉ። መስመር ሲቆረጥ ግን ወሬው እስኪዳረስና ስሌቱ እንደገና እስኪሠራ ዳታው ገደል ይገባል። ራውተሩ መቆረጡን በራሱ ካላወቀና የጎረቤቱን «አለሁ» የሚል መልእክት ብቻ ከጠበቀ ደግሞ፣ በተለመደው ቅንብር 40 ሰከንድ ዝምታ ካላየ ጎረቤቱ ጠፋ አይልም። ቪዲዮ ኮል ላይ 40 ሰከንድ ዕድሜ ነው!

ፋስት ሪራውት የሹፌሩ ብልሃት ነው፤ ተለዋጩን መንገድ ሳይቸግር በፊት አስልቶ ማስቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2008 መስፈርት የወጣለት ኤልኤፍኤ የዚህ ቀላሉ ዓይነት ነው። ግቡ መቆረጡ እንደታወቀ በ50 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ዳታውን ማዞር ነው።

ግን ማንኛውም ጎረቤት ተለዋጭ አይሆንም። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተሰጡ ናቸው፦ ከሰቆጣ ወልድያ በኮረም በኩል 20፣ ከሰቆጣ ላሊበላ 15፣ ከላሊበላ ወልድያ በቀጥታ 20 ይሁን። የኮረሙ ሲቆረጥ ሰቆጣ ዳታውን ለላሊበላ ትሰጣለች፤ ላሊበላም በቀጥታ ወደ ወልድያ ትልካለች። ጥሩ። የላሊበላው ቀጥታ መስመር 40 ቢሆንስ? ለላሊበላ አጭሩ መንገድ በሰቆጣ በኩል ነው፤ 15 ሲደመር 20፣ 35። ስለዚህ የተሰጣትን መልሳ ለሰቆጣ ትወረውራለች። ዳታው በሁለቱ መሃል እንደ ኳስ ይንከባለላል። ኤልኤፍኤ እንዲህ ዓይነቱን ጎረቤት አስቀድሞ ይጥለዋል። በተለይ መስመሮች ቀለበት ሠርተው በሚዘረጉበት ቦታ ይህ ስለሚያጋጥም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪሞት ኤልኤፍኤ የሚባል ማሟያ ወጣ፤ ዳታውን እንደ ታሸገ ፖስታ ራቅ ላለ፣ ወደ ኋላ ለማይመልሰው ራውተር ያደርሰዋል።

ማብራቱ ራሱ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው። ሥራው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ስንቱ መድረሻ እውነት ተለዋጭ አግኝቷል? መቆረጡን በሚሊ ሰከንድ የሚያውቀው ቢኤፍዲ በርቷል? ከሁሉም በላይ፣ ዋናውና ተለዋጩ መስመር በአንድ ቦይ ተቀብረው ይሆን? በአንድ ቦይ ከሄዱ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል፤ ራውተሩ ግን ካልተነገረው ሁለት መንገድ ያለው ይመስለዋል።

ይህ የኢንጂነሮች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብሩን ስልክ ውስጥ አስገብቶታል፤ መስመር ሲጠፋ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል። ለገጠር እናት አምቡላንስ የሚጠራው በስልክ ነው። ዋግ በጦርነቱ ጊዜ ከዘመድ ወሬ መቆረጥ ምን እንደሆነ አይታዋለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ፋስት ሪራውት ለተቆረጠ መስመር እንጂ ለተዘጋ መስመር መድኃኒት የለውም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የጎደለው ተለዋጭ ስሌት አልነበረም።

ስለዚህ «ከተማችሁ ፋይበር ገባ» ሲሏችሁ እልል ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሁለተኛው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?