ጓዳ በእርምጃ ሲለካ

«ቤት ማሰናዳትንም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማሩታል እንዴ?» ብሎ የሚገረም ሰው አይጠፋም። ቢገረምም አይፈረድበትም። ገበሬ ጎጆውን ሲቀልስ የማንንም ዲግሪ አይጠብቅም። ምሰሶውን ያቆማል፤ ግድግዳውን ይማግራል፤ ክዳኑን ይከድናል። ሚስቱ ጭቃውን ትመርጋለች፤ መደቡን ትደለድላለች፤ ጉልቻውን ትጎልታለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ አለቀ ይባላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያ ቤት ውስጥ ስትሠራ የምትውለው ሴት ሥራው ይቀላታል ወይስ ይከብዳታል? የመኖሪያ ቤትን ውስጥ የማደራጀት ትምህርት የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የአንዲት ተማሪን ታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማርጋሬተ ሊሆትስኪ በ1897 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደች። በ1915 የእጅ ጥበብና የቤት ንድፍ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባች። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ ቤት ትነድፋለች ብሎ የሚያስብ ሰው እምብዛም አልነበረም። በ1917 ስለ ሠራተኞች መኖሪያ የንድፍ ውድድር ወጣ። እርሷም ልወዳደር ብላ ተነሣች። መምህሯ ግን «አስቀድመሽ ሄደሽ ሠራተኞቹ እንዴት እንደሚኖሩ እዪ» አሏት። ሄደች። በጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ሲኖር አየች። ንድፏን የሠራችው ያን ካየች በኋላ ነው፤ ሽልማትም አገኘችበት። እንግዲህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። እርሳስ ከማንሣት በፊት ማየትና መጠየቅ ይቀድማል።

ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከጀመረች በኋላ፣ በ1926 ፍራንክፈርት ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተጠራች። ከተማዋ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ችግር ስለነበረባት ለሠራተኞች ብዙ ቤት ታሠራ ነበር። ማርጋሬተ የወጥ ቤቱን ንድፍ ሠራች። የሚገርመው ነገር፣ እርሷ ራሷ ያን ጊዜ ወጥ የመሥራት ልምድ አልነበራትም። ታዲያ ምን አደረገች? ሴቶች ሲሠሩ ተመለከተች፤ የሚፈጅባቸውን ጊዜ በሰዓት፣ የሚመላለሱበትንም መንገድ በእርምጃ ለካች። በባቡር ውስጥ ያለች ጠባብ ወጥ ቤት ለብዙ መንገደኛ ምግብ እንደምታደርስ አይታም ከዚያ ተማረች።

የነደፈችው ወጥ ቤት ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ብቻ ነበር። ምድጃው፣ የዕቃ ማጠቢያውና መክተፊያው እጅ በሚደርስበት ቦታ ተደረጉ። መክተፊያው ብርሃን እንዲያገኝ መስኮት ሥር ሆነ። ልብስ መተኮሻው ጣውላ ሥራ ሲያልቅ ወደ ግድግዳው ይታጠፋል። የዱቄቱ መሳቢያ ነቀዝ እንዳይገባው ከኦክ እንጨት ተሠራ። እንዲህ ያለው ወጥ ቤት 10,000 ያህል ቤት ውስጥ ገባ።

ነቀፌታም አላጣውም። ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ሊሠሩበት አይበቃም ነበር። እናት ብቻዋን ተዘግታ ትውላለች ያሉም ነበሩ። ስለዚህ ለአንድ አገር የተሠራውን ለሌላው እንዳለ መገልበጥ አይገባም። የእኛ ቤት እንጀራ ይጋገርበታል፤ ጎረቤትም ቡና ሊጠጣ ይሰበሰብበታል። ቦታው በዚያው ልክ መታሰብ አለበት።

የመለካቱ ዘዴ ግን ለማንኛውም ቤት ይሠራል። አንድ ምሳሌ እናስላ። ከእንስራው እስከ ምድጃው 6 እርምጃ ነው እንበል። ደርሶ መልስ 12 ይሆናል። በቀን 20 ጊዜ የምትመላለስ ሴት 240 እርምጃ ትሄዳለች። እንስራው ቀርቦ 2 እርምጃ ላይ ቢቀመጥ 80 እርምጃ ብቻ ይሆናል። በቀን 160፣ በ30 ቀን 4,800 እርምጃ ድካም ቀረላት ማለት ነው። ለዚህ ገንዘብ አልወጣም፤ የተነሣው አንድ እንስራ ነው።

ጭሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና በመሰለው ጭስ ሳቢያ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ከጌጥ አይጀምርም። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የጭስ መውጫውን ከፍ አድርጎ፣ የንጹሕ አየር መግቢያውን ዝቅ አድርጎ ያስባል። ከተቻለም ማብሰያውን ከመኝታው ይለያል።

ለዚህ ሙያ የሚዘጋጅ ሰው ምን ይማራል? ንድፍ ይማራል፤ 1 ሜትር የሆነውን ግድግዳ በወረቀት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መሣልን ይለማመዳል። ሒሳብ ይማራል፤ የጣውላውንና የቀለሙን ዋጋ አስቀድሞ ማስላት አለበትና። የእንጨትን፣ የድንጋይንና የጭቃን ጠባይ ይማራል። በአገራችን በልደታ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው። የቤት ንድፍ ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን ተማሪው የቱንም ያህል ቢማር ከአናጢው፣ ከግንበኛውና ከቤቷ እመቤት ሳይጠይቅ ሙያው አይሞላለትም። ምድጃው ምን ያህል ከፍ ቢል ወገብ እንደማያሳምም የምታውቀው ምድጃው ላይ ያጎነበሰችው ናት። ልጅዎ ይህን ትምህርት እማራለሁ ብሎ ቢነሣ «ጌጥ ልትማር ነው?» ብለው አይሳቁበት። ገመድ ይስጡትና መጀመሪያ የእናቱን ጓዳ ይለካ።

ጥያቄዎች
1. ማርጋሬተ ንድፏን ከመሥራቷ በፊት ምን አደረገች?
2. በእናንተ ቤት ከእንስራው እስከ ምድጃው ስንት እርምጃ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ይሄዱበታል? አስሉት።
3. በጓዳችሁ ያለ ወጪ ቦታው ሊቀየር የሚችል ዕቃ የትኛው ነው? በጓዳው የምትሠራዋን ጠይቃችሁ መልሱ።